ንብ አምባ የጠፋችበት ቀን

እንደማታምኑኝ ሚካኤልን እምላለሁ፤ ልጅ ሳለሁ መንደራችን ንብ አምባ ከነሰዎቿ፣ ከነፍየሎቿ፣ ከነውሾቿ አንድ ረፋድ ላይ ጠፍታ ሳይመሽ ተመልሳለች። ያጠፋትም ጦር አይደለም፣ በሽታም አይደለም፤ የአያቴ የአባ ፈንታ ተረት ነው።

ንብ አምባ ከጽጽቃ ከተማ ወዲያ፣ ገደል አፍ ላይ እንደ ፍየል የተንጠለጠለች መንደር ናት። መሬታችን ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ማሽላውን የምንዘራው ከታች ሆነን በወንጭፍ ነው፤ ሲደርስም ከታች ቆመን በጋቢ እንቀልበዋለን።

ያኔ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አባ ፈንታ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እኛ ልጆች ፍሙን ከበን ስንጠጋ፣ ተረታቸውን የሚጀምሩት ከየሣር ክዳኑ የሚወጣውን ጭስ በማየት ነበር። «ያ ወፍራሙ የአዲሷ ሙሽራ ነው፤ ደረቅ እንጨት የት እንዳለ ገና አላወቀችም። ያ ቀጭኑ የደረቀ የፍየል በጠጥ ሲነድ ነው፤ ሰውየው እንጨት መልቀም አቅቶታል፣ ነገ ሄዳችሁ ልቀሙለት። እዚያ ጭስ የሌለበት ደግሞ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዷል።» ማን እንደወለደች፣ ማን ፍየሉን እንደሸጠ፣ የማን ቀፎ ማር እንደሰጠ ሁሉ ከጭሱ ያነቡ ነበር። እኔም ከዚያ ሌላ ንባብ አልተማርኩም።

ከሁሉ የምንወደው ተረት የግብሩ ተረት ነበር። በአያታቸው ዘመን፣ ይላሉ አባ ፈንታ፣ ግብር የሚጣለው የየቤቱ ጭስ ተቆጥሮ ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሰው በበቅሎ ከማዶ ብቅ ሲል አንዱ «ጉም ወረደ» ብሎ ይጣራል። ያን ጊዜ ምድጃው ሁሉ በአመድ ይዳፈናል፤ ሰው ዋሻና ጎተራ ይገባል፤ ዶሮዎቹ እንኳ በለሆሳስ ይጮኻሉ። ሹሙ መንደሩን ቢዞር ከንብ በቀር ነፍስ አጣ። ባዶ እጁን መመለሱ ቢያሳፍረው ግብሩን በንቦቹ ላይ ጥሎ ሄደ፤ ንቦች ማር የሚከፍሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛ አፋችንን ከፍተን ስናዳምጥ የእናቴ እህት አክስቴ ብርቄ ከጓሮ ሆና ጣልቃ ትገባለች። ብርቄ ቅዳሴ ላይ እንኳ ለቄሱ መልስ የምትሰጥ ሴት ነበረች። «ንቧስ ማሯን ትክፈል፤ ውሃውን ማን ይቀዳል አባ?» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። ምንጩ ከገደሉ ሥር ስለሆነ ሴቶቻችን እንስራ አዝለው ሲወርዱ ፀጉራቸው ጥቁር ነው፤ ሲመለሱ ሽበት ነው።

ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። ምንጩም ሳሳ። አንዱ ወደ ሁመራ፣ ሌላው ወደ ሰቆታ እያለ ምሽት በምሽት ጭሱ ቀነሰ፤ የአባ ፈንታም ተረት አጠረ። አንድ ቀን ጭራሽ ሳይተርቱ ቀሩ። «ጭስ የሌለው መንደርማ መቃብር ነው» ብለው ፍሙን ብቻ ቆሰቆሱ።

በዚያው ሰሞን ከገበያ ወሬ ተሰማ። የውሃ ባለሙያ በየመንደሩ ሊዞር ነው፤ ሰው በርከት ያለበት ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ ጥቂት የሆነ ግን ወደ ማዶ መንደር ውረድ ይባላል። ወንዱም ወሬውን ሰምቶ ከየሄደበት መመለስ ጀመረ። አባ ፈንታ «ብዙ መሆናችንን እናሳየዋለን» ብለው ፎከሩ። ቀኑን ግን ማንም አልነገረንም።

ሰውየው በአንድ ረፋድ መጣ። በበቅሎ ነው የመጣው። ባርኔጣ አድርጓል። ከወደ ላይ አንዱ «ጉም ወረደ» አለ፤ የተጣራው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የውሃ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ተረት አልነበረንማ። በአፍታ ምድጃው ሁሉ ተዳፈነ። መጀመሪያ አመዱን የደፉት ብዙ ነን ሲሉ የነበሩት አባ ፈንታ ናቸው። እኛን ልጆችንና ብርቄን እየገፉ ጎተራ ውስጥ ከተቱን፣ ራሳቸውም ገቡ። ጎተራው እህል ቢኖረው ኖሮ እኛን ባልያዘን ነበር።

በስንጥቁ አየሁት። ከደጅ ደጅ ዞረ፤ አመዱን በእጁ ዳሰሰ። በመጨረሻ በቅሎውን ለሚስበው ልጅ «አገሩ ባዶ ነው፤ ውሃውን ለማዶዎቹ ነው የምንሰጠው» አለው። ያኔ ነው የገባን። ብርቄ አፏን ስትከፍት አባ ፈንታ በመዳፋቸው ያዙት፤ የግብሩ ተረት ገና አልለቀቃቸውም። ሰውየው ኮርቻው ላይ ሊወጣ እግሩን አነሳ፤ እንደ አገሩ ወግ ግን ለመጨረሻ ጊዜ «ቤቶች፣ ሰው የለም ወይ?» ብሎ ተጣራ። ብርቄ የአባ ፈንታን መዳፍ ነክሳ አንድ ነገር ተናገረች።

የተናገረችውን ትንሽ አቆዩልኝ። ሰውየው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቁን ሲሰማ ሰው መውጣት ጀመረ። ከዋሻው ወጣ፤ ከፍየል በረት ወጣ፤ ከቀፎ ኋላ፣ ከማሽላ አገዳ ክምር ሥር፣ አገዳ በራሱ ላይ እንደያዘ ወጣ። ተዝካሩን የበላንለት ሰውዬ ሳይቀር ወጣ። እኔ ሰው ያን ያህል እንደሚበዛ አላውቅም ነበር፤ እረኛው ፍየሉን ተከትሎ፣ አራሹ እርሻውን ይዞ፣ ሴቷ ገደል ወርዳ፣ ንብ አምባ አንድ ላይ ቆማ ራሷን አይታ አታውቅም። አንድ ላይ የተገኘነው በተደበቅንበት ቀን ነው። አባ ፈንታ የተነከሰ እጃቸውን ይዘው ዙሪያውን አዩና «ይህን ሁሉ ሆነን ነው እንዴ ስንጠማ የኖርነው?» አሉ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ዛሬ የፓምፑን እጀታ ስትጫኑት ሲጢጥ የሚለው ሰቆታ ድረስ ይሰማል። በዙሪያው ቃሪያና ጎመን በቅሏል፤ ሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኗል፤ የዚያች ሙሽራ ልጅ ሰቆታ ላይ ባጃጅ ይነዳል። አባ ፈንታ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን ማታ ማታ ከድንጋያቸው ላይ እቀመጣለሁ። ጭሱ እየሳሳ የሶላሩ መብራት በዝቷል፤ የማን መብራት የማንን ኑሮ እንደሚናገር በስተርጅና አዲስ ንባብ ጀምሬያለሁ። ልጆቹ ይህ ሁሉ መብራት ከየት መጣ ሲሉኝ፣ ከአንዲት ሴት አፍ ነው እላቸዋለሁ።

ሰውየው «ቤቶች፣ ሰው የለም ወይ?» ሲል ብርቄ ከጎተራው ውስጥ እንዲህ ነበር ያለችው፦

«የለም፣ ጌታዬ። ለውሃው ከሆነ ግን እዚች ጎተራ ውስጥ ብቻ ስምንት ነን።»