ቃጫ የታጠቀው ላንድሮቨር

በዚያ ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከወልቂጤ የመጣው መካኒክና ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት መምህር ነን። መምህሩ ለሥራው አያስፈልጉም ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ነው። ላንድሮቨሩንም ከሰው ጋር ብቆጥረው አላፍርም፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእሱ ነበር። ትልቋ ልጄ ግን አልነበረችም። እሷ ቆሼ ባሏ ቤት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ያን ቀን የተሠራው ሁሉ ለእሷ ሲባል ነው።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ስለዚህ ሄደን ልናመጣት ነው። የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ከቡታጅራ ቆሼ ያለው መንገድ መንገድ የሚባለው ሌላ ስም ስለሌለው ነበር። ባለቤቴ በዚያ እየተመላለሰ የማረቆ በርበሬ ያመጣል። ባለፈው ጉዞው ጉቶ ከበሩ ሥር ያለውን የመኪናውን ጎን ቀዶት ገባ። እኔ መኪና አላውቅም፤ ቀዳዳ ግን አውቃለሁ። እጄን ከውጭ ከትቼ የመቀመጫውን ብረት ነካሁት።

«ልጄ የምትቀመጠው እዚህ ላይ ነው» አልኩት።

«ጉቶው አንዴ መትቷል። እዚያው ቆሞ አይጠብቃትም» አለኝ።

«ሌላ ጉቶ የለም?»

ዝም አለ። ባለቤቴ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ መካኒኩ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ ከወልቂጤ ደረሰ።

መካኒኩ ሥራውን የተማረው ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ሲኖር ነው። እነሱ የጣሉትን ባዶ የሬንጅ በርሜል በመሮ ሰንጥቆ ዘረጋው፤ ግንድ ላይ አጋድሞ በመዶሻ እስኪስተካከል ቀጠቀጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ዋለ። ሬንጁን ፋቀ፤ ሥሥ ሆኖ የቀረውን ግን ተወው።

«ይሄ ይቅር ጋሼ፣ ከዝገት ያድነዋል» አለው ለባለቤቴ።

ከዚያ ከፊት ጎማ ኋላ ጀምሮ በበሩ ሥር እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ለካው። በእጅ መሰርሰሪያ እየበሳ በብሎን አሰረው። በግራም በቀኝም እንዲሁ አደረገ። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ በግቢው ውስጥ ትንሽ ነዳው። ብረቱ በብረት ላይ እየተንቋቋ እንደ ገበያ ቆርቆሮ ጮኸ።

አማቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበር። «ይሄ ሕፃኑን በሆዷ ያስበረግገዋል» አሉ።

«ከመሃል የጎማ ቁራጭ ቢገባበት ዝም ይል ነበር፣ እማማ» አለ መካኒኩ። «ከወልቂጤ ሳልይዝ መጣሁ እንጂ።»

«ቃጫ እያለ?»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከእንሰት ተፍቆ የደረቀ ነጭ ቃጫ በብብታቸው ሙሉ ይዘው ወጡ። በእኛ ቤት ያልታሰረ፣ ያልተጠቀጠቀ፣ ያልተወተፈ ነገር የለም፤ ሁሉም በቃጫ ነው። መካኒኩም የጉራጌ ልጅ ስለሆነ አልተከራከረም። ብሎኖቹን አላላ፤ ቃጫውን በብረቱና በመኪናው ጎን መካከል አነጠፈው፤ መልሶ አጠበቀ። የቃጫው ጫፍ ከታች ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እማማ፣ ትርፉን ልቁረጠው?» አለ ቢላውን አውጥቶ።

«ቃጫ ይቆረጣል እንዴ? ብረቱ ሲወልቅ ገመድ ይሆነኛል።»

እኛ ዘንድ ረጅም ቃጫ ካጠረ ዋጋ የለውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መካኒኩ ቢላውን መለሰ። አማቴ ራሳቸው መኪናው ሥር ቁጢጥ ብለው ጫፉን ሹሩባ አደረጉና ከብረቱ ሥር አዙረው ሸጎጡት። የጢስ መውጫው ቧንቧ በዚያ እንደሚያልፍ የሚያውቀው መካኒኩ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«እማማ፣ መኪናውን መቀነት አስታጠቁት እኮ» አሉ መምህሩ። «ከእንግዲህ ወገቡን አያመውም።»

«ሳቅ አንተ። የቦርሳህን ጆሮ ማን አሰረልህ?»

መምህሩ ቦርሳቸውን አዩ። ጆሮው በአማቴ ቃጫ የታሰረ ነው። መካኒኩ ሣጥኑን ዘግቶ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ተነሣን። እኔ ትራስ፣ ብርድ ልብስና የመጠጥ ውሃ ይዣለሁ። መንገዱን ሁሉ ያዳመጥኩት ብረቱን ነው። ድንጋይ ሲመታው ድም ይላል እንጂ አይንቋቋም። ባለቤቴ ስንት ጊዜ እንዳጎነበስኩ አይቶ፣ «አንገትሽን አትስበሪው፣ ልጅሽ ትፈልገዋለች» አለኝ። ቆሼ አደርን።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ከፊት በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ እኔ ከኋላዋ ሆንኩ። እግሯ አብጧል። አማቻችን ከአጠገቤ ጥቂት ጆንያ በርበሬ ጫነ፤ መኪና ባዶውን አይመለስም ብሎ። ብዙም ሳንርቅ ልጄ ማሳል ጀመረች። እኔም አሳለኝ።

«አራስ ልትሆን የተቃረበች ሴት ከበርበሬ ጋር ይጫናል?» አልኩት ባለቤቴን።

«ባሏን ተቆጪ። እሱ ነው የጫነው።»

ያ መኪና ሁልጊዜ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በባዶውም ያስላል። ስለዚህ ማናችንም ሌላ ነገር አልጠረጠርንም። መስኮት ከፈትን። ዳገቱ ላይ በከባድ ማርሽ እየጎተተ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሞተሩ ስለጋለ ለመኪናው የያዝነውን ውሃ ጨርሰን ጨመርንለት።

ጥቂት እንደሄድን ልጄ፣ «እማዬ፣ እግሬን ሞቀኝ» አለች።

«እብጠቱ ነው። ይወርዳል።»

«እብጠቱ አይደለም። ወለሉ ነው።»

እጄን አሳልፌ ወለሉን ነካሁት። እንደ ምጣድ ነው። ባለቤቴን «ቁም» አልኩት፤ ቆመ። ስንወርድ በብረቱና በመኪናው ጎን መካከል ቀጭን ጢስ ይወጣል። የአማቴ ሹሩባ የጢስ ቧንቧው ላይ ወድቆ ተቀጣጥሏል። ነበልባል የለውም፤ ፍሙ ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ የቀረውን ሬንጅ ይዞታል። የቤንዚኑ ጋን ያለው ደግሞ ልጄ ከተቀመጠችበት ሥር ነው።

ልጄን ደግፌ ራቅ ያለ ግራር ሥር አስቀመጥኳት። ወገቧን ይዛለች። ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት፤ «ምንም» አለች። ከእናቷ የተማረችው መልስ ስለሆነ አላመንኳትም። በዚያ መንገድ በቀን የሚያልፈው መኪና የእኛው ብቻ ነው። እሱ ከተቃጠለ ወደ ቤቷም ወደ ቤቴም በእግሯ የምትደርስበት አይደለም።

ባለቤቴ አፈር ዘገነበት። አፈሩ ከብረቱ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ወደቀ። ጉቶ እንዳያስገባ ያሰርነው ብረት አፈርም አላስገባም። መፍቻ አነሣ፤ ብሎኖቹ ብዙ ናቸው፣ ግለዋል። የመጠጥ ውሃችንን አመጣሁለት፤ አፈሰሰው፤ ጢሱ ለአፍታ ቀነሰና ተመለሰ።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ከቁልቁለቱ በኩል መጣች። በጀርባዋ እንስራ አዝላለች። በዚያ ቆላ ውሃ ከሩቅ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው፤ በማለዳ የወጣች ሴት የምትመለሰው ፀሐይ ከጋለ በኋላ ነው። መኪናውን አየች፤ ግራሩ ሥር ልጄን አየች። ማንም አልለመናትም። ማዘያዋን ፈታች፤ እንስራውን አቅፋ መጥታ ውሃውን ብረቱና መኪናው በተጋጠሙበት ክፍተት በቀጭኑ ማንቆርቆር ጀመረች። አልቸኮለችም፤ አንዱን ጫፍ ሳታጠፋ ወደ ሌላው አልሄደችም። እያፈሰሰች በማረቆኛ አንድ ነገር ተናገረች። ልጄ ከተቀመጠችበት ሳቀች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«በመኪና ውስጥ ወጥ ጥዳችሁ ነው ወይ? ቁሌቱ ከሩቅ ይሸታል፣ ትላለች።»

እንስራው ባዶ ሲሆን ጢሱ ቆመ። ባለቤቴ ብረቱን ፈትቶ አወለቀው። ሴትዮዋ ወደ ልጄ ሄዳ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ወሯን ጠየቀቻት። ከዚያ ባዶውን እንስራ አዝላ በመጣችበት ቁልቁለት ተመለሰች። ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ውሃው ነው። ባለቤቴ በመኪና እናድርስሽ አላት፤ ልጄ ተረጎመችለት። መልሱ፣ «እሷን አድርሷት» ነበር። ስሟን አልጠየቅናትም።

ቡታጅራ በደህና ገባን። ልጄ በዚያው ሳምንት በእኔ ጓዳ ሴት ልጅ ወለደች። አማቴ የተቃጠለውን ቃጫ እያገላበጡ አዩና፣ «ይሄኛው ወገን ደህና ነው» ብለው ደህናውን ለይተው ገመድ ገመዱት። መካኒኩ ሌላ ጊዜ መጥቶ ብረቱን መልሶ አሰረው፤ የጎማ ቁራጭ ሳይረሳ ይዞ ነው የመጣው።

ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ባለቤቴ በርሜል ሙሉ ውሃ በአማቴ ገመድ መኪናው ላይ አስሮ ወደዚያ ግራር ሄደ። ሴትዮዋን አላገኛትም። ያገኛቸውን ሴቶች ቢጠይቅ፣ «ውሃ የምትቀዳ? ሁላችንም እንቀዳለን» አሉት። ውሃውን ለእነሱ አከፋፍሎ መጣ። ከዚያ በኋላም በዚያ ባለፈ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ቆይቶ ዘመኑ ተለወጠ፤ መኪናውም አረጀ፤ ባለቤቴም የለም። ያን ጊዜ የተወለደችው የልጅ ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ይህንን ጻፊው ያለችኝም እሷ ናት።

ሴትዮዋ ያኔ በልጄ ዕድሜ ወይም ትንሽ ከፍ ትል ነበር። ረጅም ናት። እንስራዋ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ቦታው ከቆሼ ወደ ቡታጅራ ሲመጣ ዳገቱን እንደጨረሱ፣ ብቻውን የቆመ ግራር ያለበት ነው። የምታውቋት ካላችሁ በሕይወት መኖር አለመኖሯን ንገሩኝ።