ከመኝታ ቤት እስከ ጉባኤ ቤት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ስጦታው መዳፍ የማትሞላ ካርድ ሰጠኝና «ይቺን ከሰርቨሩ ጋር አገናኚያት» አለኝ። ሱቃችን ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነበረች። ታንከር ሲሞላ የውኃ ፓምፑ በራሱ እንዲጠፋ፣ ሲመሽ የበር መብራት በራሱ እንዲበራ እናደርጋለን። ካርዷ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች፤ ፓምፕና መብራት የምታዝ ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ተሳስቼ ጽፌው ኖሮ እስከ ምሳ ድረስ ከእሷ ጋር ስታገል ዋልኩ።

ካርዶቹ እርስ በርሳቸው በቀጥታ አይነጋገሩም። መሐል ላይ አንድ ፕሮግራም አለ። አንዷ «ታንከሩ ሞልቷል» ብላ ለእሱ ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ ያንን ወሬ ለሚጠብቀው ሁሉ ያደርሳል። ጋሽ ስጦታው ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነበር። «ጥገና አይፈልግም» ይል ነበር።

ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ የሠራናቸው ቤቶች በሙሉ በአንድ ጠዋት ዲዳ ሆኑ። ካርዱም ፓምፑም እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ግን ባሕር ማዶ ቀረ። አንድ ባለሆቴል ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ውኃዬን ማን አገር ወስዳችሁ ነው የቆለፋችሁብኝ?» ብሎ ጮኸብን። 

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን በየደንበኛው ቤት፣ ባትሪ ባላት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን ጀመርን። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ቤቱ ከራሱ ጋር ይነጋገራል።

የኔታ መዝገቡ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝማም ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። አንደበታቸው ተይዟል፤ የሚታዘዝላቸው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነው። አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። «ልጄ፣ እኔ ጉባኤ ቤት ስውል እሷ ስትፈልገኝ የምሰማበት መላ የለም?» አሉኝ።

ከአልጋው ራስጌ ሰፊ ቁልፍ ገጠምኩ፤ ሽቦውን በቀለጠ ስታኞ ከአንዲት ካርድ ጋር አያያዝኩት። ከጉባኤ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሌላ ካርድና ደወል ሰቀልኩ። ባለባትሪዋን ኮምፒውተር እዚያው መኝታ ቤት አኖርኩ። ከዚያ ወይዘሮ ዝማምን «ይጫኑት» አልኳቸው።

ተጫኑት። ከአጥሩ ማዶ ደወሉ ጮኸ፤ የተማሪዎቹ ድምፅ ቀጥ አለ። የኔታ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየወደቀ ሮጠው ገቡ። ወይዘሮ ዝማም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

«ሸጋ ነው!» አሉ የኔታ።

በሌላ ቀን የኮምፒውተሯን ባትሪ ለማየት ስሄድ «ይሠራል ወይ?» አልኳቸው።

«ይሠራል። አንዳንዴ ለምንም አትጠራኝም። መምጣቴን አይታ እጄን ጨበጥ አድርጋ ትለቀዋለች፤ እኔም እመለሳለሁ።»

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ከማለዳ ጀምሮ ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፤ እኔም ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ። የሆነውን የሰማሁት በኋላ፣ ለልቅሶ ስሄድ ነው።

ረፋድ ላይ ደወሉ ጮኸ። የኔታ ወዲያው ደረሱ። ወይዘሮ ዝማም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ተማሪዎቹ ቃሬዛ አበጅተው ተሸከሟቸው፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ግን መንገዱን የዘጉት ሰዎች ማለፍ አይቻልም አሏቸው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ አልነበረም። የኔታ ለመኑ። ሲመለሱ ቤት ሳይደርሱ፣ ወይዘሮ ዝማም ቃሬዛው ላይ አረፉ።

እንግዳው ሲሳሳ የኔታ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቁልፉን ከተጫነች በኋላ እኔ እስክሰማ የሚዘገይ ነገር አለ ወይ?»

«የለም፣ የኔታ። እሳቸው እንደተጫኑት እርስዎ ሰምተዋል።»

«እንግዲያስ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ምንም አላደረግሁላት» አሉ።



ከዚያ ደወሉን እንዳነሣላቸው ጠየቁኝ። ተማሪዎቹ ቀና ብለው እያዩት ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ነበር። መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ሽቦውን ቆርጬ ካርዷንና ደወሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የኔታ ደጁ ላይ ቆመው አዩኝ።

ሱቁ አሁንም አለ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ካርዱን፣ ፕሮግራሙን፣ ባትሪውን አሳየዋለሁ። ቀጥሎ ይህን እነግረዋለሁ፦ ቁልፍ ከመግጠምህ በፊት መልእክቱ የሚደርሰው ሰው ከሰማ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚችል ጠይቅ። የእኛ ሥራ እስከ ማሰማት ድረስ ነው። ይህንንም ለደንበኛው በግልጽ ንገረው።