በእናቴ ላይ የጫንኩት ንስሐ

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም። ያን ቀን የጀመረውን ነገር ሙሉውን ለማንም፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ፣ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለእርስዎ ልናገር።

በዩኒቨርሲቲ አብራኝ የምትማረውን ሠናይትን ጎዳይፍ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ለምሳ ወሰድኳት። አባቷ ከአዲስ አበባ ተሹመው የመጡ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣን ናቸው። ገጀረት ሰፈር ካለው ቪላቸው ስንት ጊዜ ዝግኒ፣ ያን የሥጋ ወጥ፣ በልቻለሁ! "አንድ ቀን እኛም እናብላት እንጂ" ያለችው እናቴ ናት።

እናቴ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አቀረበች። አባቴ ከሞተ በኋላ ለሥጋ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለእኔ ለሴት ልጁ መጻሕፍት ነው የሚውለው። ሠናይት ማዕዱን አየችና በየዋህነት፣ "ዛሬ ምን ጾም ነው? ረስቼ ነው?" አለችኝ።

ለምን "ምግባችን ይህ ነው" አላልኩም? አፈርኩ። "እናቴ ንስሐ ይዛ ነው። ነፍስ አባቷ ከሥጋ ከልክለዋታል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። እናቴ ድኻ ከምትባል ኃጢአተኛ እንድትባል መረጥኩ።

እናቴ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች። ሠናይት ብድግ ብላ፣ "እማማ፣ እግዚአብሔር ንስሐዎን ይቀበልልዎ" አለቻት።

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞራ፣ "ኣሜን፣ ጓለይ። ብልዒ፣ ብልዒ" አለችና፣ ልጄ ብዪ ማለቷ ነው፣ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰቻት።

"የንስሐ ምግብ እንዲህ ከጣመማ እኔም ነገውኑ ኃጢአት እሠራለሁ!" አለች ሠናይት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ማታ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "ሽሮው ጨው አንሶት ነበር?" ብቻ አለችኝ። ምነው በመታችኝ!

በነጋታው አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እናቴ ግን ከቅጥሩ በር ስንደርስ አልገባም አለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ንስሐ እንዳለበት ሰው፣ ከውጭ ግንቡን ተደግፋ ቆመች።

"ኣደይ፣ ምን ሆነሻል?" አልኳት እናቴን።

"ሠናይት እዚህ ነው የምታስቀድሰው አላልሽኝም? ገብቼ ካየችኝ አንቺ ውሸታም ትሆኛለሽ።"

ለዚህ ምን ሰበብ አለኝ? የለኝም፤ አልፈልግምም። ያለኝ ምስጋና ነው። ያስተማረኝ፣ እዚህ ያደረሰኝ፣ እኔ ያፈርኩበት ያ ሽሮ ነው። እሷ ከሥጋው የቀረችው ለእኔ ነው፤ ከቅዳሴውም ለእኔ ልትቀር ነበር። እግዚአብሔር እንዲህ ያለች እናት ስለ ሰጠኝ ሳመሰግን፣ እንዲህ ያልኩባት እኔ መሆኔን አልረሳም።

እጇን ይዤ እስከ ውስጥ አስገባኋት። ከዚያ ብቻዬን ተመልሼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እሷ በቆመችበት ቦታ ቆምኩ። ሠናይት ስትመጣ አየችኝና፣ "ምነው? አትገቢም?" አለች።

"እናቴ ምንም የለባትም፤ ንስሐው የእኔ ነው" አልኳት።