የአባቴ ሞተር ወንበሩ ለምን ተቆረጠ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። አሁንም የምጽፈው አንድ ሰው ቅዳሜ ዕለት የጠየቀኝን በአፌ መመለስ ስላቃተኝ ነው። እንግዳ ሲያናግረኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን፣ ጫጩቶቼን ሳበላ፣ መልሱ ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል።

የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አሮጌ ሞተር ብስክሌት እየፈለገ የሚገዛ ሰው ነው አሉ። አሰላ ውስጥ የእኛን ሞተር የማያውቅ ስለሌለ፣ ጠይቆ ጠይቆ ግቢያችን ደረሰ። ሞተሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀና ተንበረከከ። የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ነካካው። «ቀለሙ የፋብሪካው! የጎማው ፓራፋንጎ የራሱ! የጭስ ማውጫው ማርሚታ እንኳ አልተነካም!» እያለ ዞረው። ደስታው ለእኔም ተጋባብኝ። ከዚያ እጁ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩ መሃሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቆዳውም እንደገና የተሰፋ መሆኑ ያስታውቃል።

«ይሄን ደግሞ ማን አበላሸው?» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

ሻርፔን አፌ ላይ አድርጌ ጫጩቶቹ ቤት ገባሁ። መልሱ እንግዲህ ይኸውላችሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው። ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉታል፤ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ትቶታል። ሞተሩ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አብሮት ነበር። መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ ሲያስወግደው ራሱ ገዛው። ቀለሙ የደረሰ ገብስ ይመስላል። የቤንዚን ታንኩ ግራና ቀኝ ግን ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ ቀለሙን የጨረሱት የአባቴ ጉልበቶች ናቸው። ድምፁም ከሌላ ሞተር ድምፅ ጋር አይምታታም። ዱብ ዱብ ዱብ ይልና፣ ምራቁን እንደሚውጥ ሰው አንዴ ዝም ብሎ፣ እንደገና ይቀጥላል። ልጆች ሆነን ከታችኛው መታጠፊያ ሲሰማ እናቴ ወጡን ትጥድ ነበር። አባቴ በር ላይ ሲደርስ ወጡ ይንተከተካል።

ኋላ ጉልበቱን አመመው። ሞተሩም ጆንያ ለብሶ እህሉ ቤት ጥግ ቆመ። ዓርብ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ በርጩማ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እኔ ጆንያውን ገልጬ እወለውላለሁ። «ሲወድቅ ቤንዚን ይጠጣል፤ ያኔ ዘግተሽ ጠብቂው እንጂ በጉልበት አትታገዪው» ይለኛል፣ እኔ እንደምነዳው ሁሉ። እኔ ከሰው ጋር ብዙ ያወራሁት በእነዚያ ዓርቦች ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ አቁሞ፣ ጭላሎ ተራራ ደመናውን አውልቆ፣ ስንዴው መቅላት ጀምሯል። የአጎታችን ልጅ ሊያገባ ሙሽራዋ የምትመጣው ከሳጉሬ በላይ ካለ መንደር ነበር። ጎረምሶቹ በሞተር ከፊት ከፊት ሊሄዱ ተነጋግረዋል። ወንድሜ ጀማል ደግሞ ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ ብረት በእጁ እንደ ሊጥ ነው። አባቴ ሞተሩን «ያንተ ነው» ብሎ ሰጥቶታል። የተሰጠ ቃል ደግሞ አይመለስም።

አንድ ጠዋት ጀማል የብረት መቁረጫ ይዞ መጣ። ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በከሰል ሥዕል ሠርቶ አሳየን።

«ኋላውን እስከዚህ እቆርጠዋለሁ። ፓራፋንጎው ይወጣል። መሪው ያጥራል። ቀይ እቀባዋለሁ፤ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት! ማርሚታው ተነስቶ ሌላ ይገባለታል፤ እዚህ ሲነሳ ኢተያ ድረስ ይሰማል!»

እውነቱን ልናገር፤ ሥዕሉ ያምር ነበር። ለመዝለል እንደተዘጋጀ ፌንጣ ነው የሚመስለው።

«ማርሚታውን?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው።

«እማ! ነይ ስሚ፤ ግድግዳው ተናገረ!» አለ ጀማል።

«አይቆረጥም» አልኩ።

«ዘይነባ፣ ጆንያ ለብሶ የተኛ ነገር ሞተር ነው እንዴ? ዱባ ነው እንጂ! እኔ ነፍስ ልዘራበት እላለሁ፤ አንቺ በየዓርቡ ጀናዛ ታጥቢያለሽ።»

ይህች ቃል ወጋችኝ። እውነት አለባታ። እንዳለ ይቆይልኝ ስል ሲሄድ አስቤው አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ ማርሚታው ተነስቶ ያ ድምፅ ከጠፋ አባቴ በየት በኩል ወደ ቤት ይመጣል? እንደዚህ ነው የተሰማኝ፤ አባቴ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እያየሁት።

«ይሄዳል» አልኩ።

አባቴ ሲሚንቶው ላይ ያለውን ሥዕል ረጅም ጊዜ አየው። «እንግዲያው ይሂድ» አለ። «እንዳለ ሳጉሬ ደርሶ ከተመለሰ አይቆረጥም። መንገድ ላይ ከቀረ፣ ጀማል፣ እንደ ሥዕልህ አድርገው።»

«ይሁን፤ እኔው እነዳዋለሁ» አለ ጀማል።

«አንተማ እንዲቀር ነው የምትፈልገው!» አለች እናቴ ከጓዳ። «ከሳሹ ራሱ ዳኛ ይሆናል እንዴ? ይሄዳል ያለችው ትንዳው።»

እኔ! ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ መንገድ የምዞር!

ጀማል ግን ደግ ልጅ ነው። ቢያሸንፍ በእውነት ማሸነፍ ፈለገ። ካርቦራቶሩን አጠበ፣ ጎማውን አስነፋ፣ ከከተማው በላይ ካለው የግጦሽ ሜዳ ወስዶ አስተማረኝ። «ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ያዢው! እንቁላል አልኩሽ! በቃ፣ ፈረጠ!» እያለ ከኋላዬ ይሮጣል። በቶሎ ለመድኩት። ድምፁን በልቤ ስለማውቀው ማርሽ መቼ እንደምቀይር ራሱ ይነግረኛል። አንድ ችግር ብቻ ነበር። አባቴ ረጅም ነው፤ እኔ አጭር። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይነካም። እስከሄድኩ ድረስ ንግሥት ነኝ፤ ስቆም እወድቃለሁ። «ሳጉሬ እስክትደርሺ አትቁሚ፤ ሳጉሬ ስትደርሺም አጥር ፈልጊ» አለኝ ጀማል።

የሄድንበት ጠዋት ብርድ ነበር። የአባቴን ሄልሜት አጠለቅሁ። ለዓይን አፋር ሰው ሄልሜት ምን ዓይነት ገነት እንደሆነ ማን በነገራችሁ! ሁሉን ታያላችሁ፤ እናንተን የሚያይ የለም። ጀማል የጓደኛውን ሞተር ይዞ ከኋላ ተከተለኝ፤ ጎትቶ ሊመልሰኝ ገመድ ጭኗል። ገመዱን እያወዛወዘ ይስቅብኛል።

ከከተማው ስንወጣ መንገዱ ተከፈተ። ግራና ቀኝ ገብስ፣ ከገብሱ በላይ ባህር ዛፍ፣ ከባህር ዛፉ በላይ ጭላሎ። የታጨደ ሣር ሽታ በሄልሜቱ ቀዳዳ ይገባል። የፈረስ ጋሪዎች መንገድ ይለቁልኛል። ድንች የሚሸጡ ሴቶች ቀና ብለው ያዩኛል፤ ባለሞተሩ ሴት መሆኑን አያውቁም። ዱብ ዱብ ዱብ፣ ዝም፣ ዱብ ዱብ ዱብ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ስቀንስለት ጎርነን ብሎ ወጣው። ሄልሜቴ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ! ከዚያ በፊት ጮኼ የማውቅ አይመስለኝም።

ሳጉሬ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንዲት አሮጊት ከአጥር ውስጥ ብቅ አሉ። ሞተሩን አዩ፤ አፋቸውን ያዙ፤ ተመልሰው ገቡ። ወዲያው አንዲት ቀይ ላም እየነዱ ወጡ። ከማዶ «ዶክተሩ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ከየአጥሩ ላም ነው፣ በሬ ነው፣ ጥጃ ነው! ገበሬዎቹ አባቴ ሲመጣ እንደሚያደርጉት ድምፁን ሰምተው ከብቶቻቸውን ለክትባት አወጡ። ስንት ዓመት ሳይሰሙት ቆይተው አልረሱትም።

መንገዱ ሞላ። መቆም ነበረብኝ። ቆምኩ፤ እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። ከነሞተሩ በሬዎች መሃል ተዘረጋሁ። ሞተሩም ጠፋ።

«ቀረ!» አለ ጀማል ከሞተሩ እየዘለለ። «መንገድ ላይ ቀረ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!» ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ቀይ ዘርፍ በተንጠለጠለበት ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ መጡ። አባ ቦሩ ይባላሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሄልሜቱን ሳወልቅ አዩኝና «ኢንተላ ዶክተራ!» አሉ፤ የዶክተሩ ልጅ ማለታቸው ነው። አፍንጫዬ ነግሯቸው መሆን አለበት። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ጀማል ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው። ሥዕሉን፣ ውርርዱን፣ ገመዱን።

«የወደቀው ፈረሱ ነው ወይስ ጋላቢዋ?» አሉት።

«ጋላቢዋ ናት፤ ግን አባባ፣ ሞተሩም እኮ ጠፍቷል።»

«እግሯን አታይም? በአባቷ እርካብ እኮ ነው የተቀመጠችው። እኔ ይህን ፈረስ ለልጅ ልጄ ስሰጠው እርካቡን አሳጠርኩለት። ጅራቱን ግን አልቆረጥኩም። አሁን ገመድህን ተውና ሞተሩን አንሱላት።»

አነሱልኝ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙልኝ። ብረግጠው አልነሳም። ጀማል እጁን አጣምሮ ያየኛል። ያኔ የአባቴ ዓርብ ትዝ አለኝ፤ ሲወድቅ ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚኑን ዘጋሁና ጠበቅሁ። መንደሩ በሙሉ አብሮኝ ጠበቀ፤ በሬዎቹም ጭምር። ከዚያ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ረገጥኩት።

ዱብ!

ቀይዋ ላም ጅራቷን ቀስራ ሸሸች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጀማልም ሳያስበው አጨበጨበ፤ ኋላ ላይ «ዝንብ እየመታሁ ነው» ብሎ ቢክድም።

ልሄድ ስል ላሟን ያወጡት አሮጊት ጠጋ አሉ። «ታዲያ ለእኛ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምንም» አልኩ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ይህ ድምፅ እኮ ባዶውን መጥቶ አያውቅም» አሉ አዝነው። ይህ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ በዚሁ ሞተር በየመንደሩ እየዞርኩ ጫጩት የምሸጠው በእሱ ምክንያት ነው። ሴቶቹ ድምፁን ሲሰሙ ቅርጫታቸውን ይዘው ይወጣሉ። እየጮህኩ መጣራት አያስፈልገኝም። መጮህ ቢያስፈልገኝ ኖሮ አንድም ጫጩት ባልሸጥኩ!

ሳጉሬ ደርሰን ተመለስን። ከታችኛው መታጠፊያ ስወጣ አባቴ በሩ ላይ በታመመ ጉልበቱ ቆሞ አየሁት፤ በርጩማው ከኋላው ተገልብጧል። ሄዶ ታንኩን ዳበሰው፤ ሙቅ ነበር። ከውስጥ ወጡ ይንተከተካል።

ጀማል ውኃ አምጥቶ ሥዕሉን ሊያጥበው ሲል፣ «ቆይ» አልኩት። «አንድ ነገር ግን ቁረጥልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ወንበሩን።»

ሲስቅ እንባው መጣ። «አባ፣ ሰማህ? አይቆረጥም ያለችው ልጅህ!» ነገር ግን የብረት መቁረጫውን አላነሳም። ቢላዋ አስልቶ፣ ቆዳውን በጥንቃቄ ገለጠና ስፖንጁን ትንሽ ላጥ አደረገ። «ተቀመጪ» ይለኛል። እቀመጣለሁ። «እግርሽ ነካ?» «አልነካም።» እንደገና ትንሽ ይልጣል። ልብስ ሰፊ ነበር የሚመስለው። የጫማዬ ጫፍ መሬት ሲነካ አባቴ «በቃ!» ብሎ ጮኸ፤ ጀማልም ያን ጊዜውኑ እጁን አነሳ።

ለሠርጉ አባ ቦሩ የፈረሳቸውን ቀይ ዘርፍ አዋሱን። መሪው ላይ አሰርነው፤ ማታ ፈትተን መለስን። ሙሽራዋን እየመራሁ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ በሄልሜት ውስጥ። ጀማል ደግሞ የአባቴን ሞተር «ያንቺ ነው» ብሎ ተወልኝና፣ የሥዕሉን ሞተር ኋላ ላይ ከወዳደቁ ብረቶች ሠራው። ቀይ ነው፤ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት አለው፤ ሲነሳ ሕፃን ያስለቅሳል። ዛሬ ጎረምሶቹ እንደሱ ሥራልን ብለው ጋራዡ በር ላይ ይሰለፋሉ።

ቅዳሜ የመጣው ሰው የተቆረጠውን ስፖንጅ ካገኘን ወንበሩን ወደ ነበረበት እንደሚመልሰውና ሞተሩን እንደሚገዛ ተናግሮ ነበር። ጀማል «ስፖንጁ ላይ ድመቷ ትተኛበታለች፤ እሷን አስፈቅድ» አለው። አባቴ ደግሞ «ባለቤቷ ጫጩቶቹ ቤት ናት» ብሎ ወደ እኔ ላከው። በሩ ላይ ቆሞ «ትሸጪልኛለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእምቢታ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ያ ብቻ ነው የወጣልኝ። ሰውየው በትዝብት አየኝና ሄደ። ይህን ቢያነብ ወንበሩ እንዳልተበላሸ ይረዳልኛል። የሞተሩ ወንበር የአባቴን ቁመት ይዞ ቢቀር ኖሮ፣ ሞተሩ ዛሬም ጆንያው ሥር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጫጩቶቹን ጭኜ ስወጣ እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ በርጩማው ላይ ሆኖ ሄልሜቴን አቀበለኝ።

«ዘይኑ፣ ታችኛው መታጠፊያ ስትደርሺ ጋዝ ስጪው፤ ወጡን እጥድልሻለሁ።»