ለዓለም ገና መንገድ ያዘጋጀሁት ሳል

«ወዴት ነው?» አለን ዛሬ ጠዋት ዓለም ገና ላይ መንገዱን በድንጋይ ከዘጉት ወጣቶች አንዱ።

እኔ ወዲያው ማሳል ጀመርኩ። «ሐኪም ቤት ነው» ልል፣ ከሰበታ በእግር ስንመጣ ስለማመደው የነበረ ሳል ነው።

ልጄ ግን «የማስተርስ የመጨረሻ ሥራዬን ላቀርብ ነው፤ ዛሬ ካልደረስኩ ዓመቱ ሄደብኝ» አለችው። የምትማረውም የመንግሥት አስተዳደር መሆኑን ጨምራ ነገረችው። «መንግሥት» የሚለውን ስትጠራ ሳሌን አበረታሁት።

«ስለምን ጻፍሽ?»

«ገበሬው መሬቱ የከተማው ፕላን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይጠየቅ ብዬ።»

«እኛን የጠየቀን የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱን ነው የጻፍኩት።»

ድንጋዩን ገፋ አደረገልን። «ሂጂ፣ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። አባባ፣ እርስዎም ለሳልዎ ዝንጅብል ይጠጡ!»

እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እውነት ተናግረሽ እደሪ ብላ ነው ያሳደገቻት። ሳስቀድስ የኖርኩት እኔ ውሸት ይዤ ወጣሁ።

ልጄ ሥራዋን አቅርባ አለፈች፤ ተመስገን! ስንመለስ ግን ድንጋዩ እንጂ ያሳለፈን ልጅ አልነበረም። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔም ስሙን አልጠየቅኩትም። ዛሬ በጸሎቴ «ያ ልጅ» እያልኩ ነው የማስበው።

እናንተስ፣ በዚህ ሰሞን መንገድ ከፍቶላችሁ ስሙን ሳትጠይቁት ያለፋችሁት ሰው አለ?