ፊት ያለው ዳቦ

ወንድሜ ከሞተ ወር ካለፈው በኋላ የቤታችን ባለቤት በሁለት እጃቸው ዱቄት ተሸክመው ገቡ። ምን ሊጋገር ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እንግዳ አለብን" አሉኝ።

ማን እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። የገባኝ መሰለኝ። እንዲነግሩኝም አልፈለግሁም።

ሴትዮዋ ቦሊቪያዊት ናቸው። ሮም ውስጥ በባዳንቴነት፣ ማለትም አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየተንከባከቡ፣ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ቶርፒኛታራ በሚባለው ሠፈር ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አከራይተውናል። በአገራቸው ቋንቋ አክስት "ቲያ" ይባላል። ወንድሜ ቲያ ይላቸው ስለነበር እኔም ቲያ እላቸዋለሁ።

ወንድሜ ሪደር ነበር፤ በብስክሌት ምግብ ያደርሳል። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ በዝናብ፣ መኪና ገጨው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በዓል ይወድ ነበር። ሪደር ግን በዓል የለውም፤ ሰው ሲያርፍ ትእዛዙ ይብሳል። ስለዚህ የቲያን አገር በዓላት እየጠየቀ በወሬ ያርፍ ነበር። ማታ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይጀምራል።

"ቲያ፣ በዚህ ወር እናንተ ጋ ምን በዓል አለ?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ልተኛበት ነዋ።"

"ሰነፍ! ታናሽህን አታበላሽብኝ።"

ከዚያ ግን ይነግሩታል። በሰኔ የፀሐይ አዲስ ዓመት አላቸው። ሰው በብርዱ ተራራ ላይ ወጥቶ ያድርና ሲነጋ የመጀመሪያዋን ጨረር በመዳፉ ይቀበላል። የጥንት ነው፤ መንግሥት ሥራ የዘጋለት ግን በቅርቡ ነው አሉ። "እሺ፣ ትእዛዝ ለሚልክልኝ አፕ ይህንን ማን ይንገርልኝ?" አለ ወንድሜ። በመጋቢት ደግሞ የባሕር ቀን አለ። ሥራ አይዘጋም፤ በጦርነት የተወሰደባቸውን ባሕር ያስቡበታል።

"ታዲያ ባሕር ኃይል አላችሁ?"

"አለን እንጂ። ሐይቅ ላይ ይለማመዳሉ።"

"አይዞሽ ቲያ፣ እኛም ያው ነን" ብሎ ሳቀ። እርስዎ እንዲላቸው ስነግረው፣ የእኔ ጣሊያንኛ እርስዎ አያውቅም ብሎ ጭራሽ በእኔ ሳቀ።

በኖቬምበር የሚውለውን የሙታን በዓል ሲነግሩን ግን አልሳቀም። ጥንት፣ ስፔኖች ሳይመጡ፣ የአገራቸው ሰው ሙታኑን ከመቃብር አውጥቶ ያለብስ፣ ያበላ፣ አብሮ ይጨፍር፣ ከዚያ ይመልስ ነበር አሉ። ቄሶቹ ከለከሉ። ሕዝቡም በሬሳው ፋንታ ፊት ያለው ዳቦ መጋገር ጀመረ። በዓሉ ከዚያ መጣ። ሟቹ በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ይገባል፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል። "ጣሊያን ሥራ የሚዘጋው በመምጫው ቀን ነው። እኛ ጋ የሚዘጋው በመሸኛው ነው። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ደግሞ ዋናው ነገር በደንብ መሸኘቱ ነው" አሉ። ወንድሜ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ አዲስ አበባ ናት። አልተነገራትም።

ከቀብሩ በኋላ ሮም ያሉ የአገራችን ታላላቆች ቪያ ቮልቱርኖ በሚባል መንገድ ባለ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው ነበር። የሁላችንም ጋሼ የሆኑ ሽማግሌ ክንዴን ያዙ።

"እናትህ ግፊት አለባት። በስልክ መርዶ አይነገርም። የንስሐ አባቷና አጎትህ ሆነው በጠዋት ይሄዱላታል።"

"መቼ ጋሼ?"

"አጎትህ ከክፍለ ሀገር ሲመለስ። አርባው ሳይወጣ። እስከዚያ አንተ ድምፅህን አስተካክለህ አውራ። አደራ።"

ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር እናቴ "ወንድምህስ?" ትላለች። ሥራ ላይ ነው። ተኝቷል። ስልኩ ተበላሽቷል እላታለሁ። "ይህ ልጅ ጠላኝ እንዴ?" አለች አንድ ቀን። የሠፈር ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እሷ ብቻ አልሰማችም። ሱቅ ስትገባ ሰው ዝም እንደሚል፣ ጎረቤት ያለ ምክንያት እያቀፈ እንደሚስማት ነገረችኝ። "ምን ሆነዋል ሰዎቹ?" አለችኝ።

አጎቴ ተመለሰ። መርዶው ለእሑድ ጠዋት ተቆረጠ። የቲያ እንግዳ የሚገባው ቅዳሜ ነበር።

ለቲያ አንድም ቀን፣ እናቴ አታውቅም ብዬ አልነገርኳቸውም። መደበቄ አይደለም። ለሐበሻ እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም፤ ሳይነገር ይታወቃል። እሳቸውም አልጠየቁኝም። እናት የልጇን ሞት ወር ሙሉ ሳታውቅ ትኖራለች ብሎ በአገራቸው ማን ያስባል?

ቅዳሜ ጠዋት ቲያ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ አነጠፉ። መሐል ላይ የወንድሜን ፎቶ አቆሙ፤ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ የሚስቅበትን። ሻማ አበሩ፣ አበባ ደረደሩ። ሸንኮራ አገዳ አስደገፉ፤ ምርኩዙ ነው አሉ። ከዳቦ የተሠራ መሰላል አለ፤ የሚወርድበትና የሚወጣበት። የሚወደውን ፓስታ በሚጥሚጣ እኔ ሠራሁ። ከዚያ ያንን ዳቦ ከምድጃው አወጡት። እጁን ደረቱ ላይ ያጠፈ ሰው ነው። ፊቱ ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ሊጡ ላይ ተተክሎ አብሮ ይጋገራል። ቅንድብ ስለውለታል። ወንድሜን አይመስልም። ግን ዓይኑ ወደ በሩ ነበር።

"መስኮቱን ገርበብ አድርገው" አሉኝ።

"ይበርዳል ቲያ።"

"በየት ይግባ ታዲያ?"

በእኛ ሃይማኖት ነፍስ በዳቦ መሰላል አትወርድም። ይህን አውቃለሁ። ግን ከፈትኩት። ብርዱ ገባ፣ ሻማው ተንቀጠቀጠ። የሠፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ስድስት ሰዓት መምታት ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። በቪዲዮ።

ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አነሳሁት። ከማኅበር መመለሷ ነበር። ነጠላ ለብሳለች፣ ደስ ብሏታል።

"ምነው ከሳህ? ያቺ ደግ ሴትዮ ደህና ናት? እስቲ ሰላም ልበላት።"

ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ሁልጊዜ እጅ ያወዛውዛሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቲያ ድምጿን ሰምተው መጡ። እንባ እንባ እያላቸው "ማማ፣ ማማ" አሉና ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ሳሎን ደርሰዋል። "ጉዋርዳ፣ ማማ" አሉ። ተመልከቺ። ስልኩን ቀስ አድርገው ወደ ጠረጴዛው አዞሩት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የእናቴን ጩኸት እየጠበቅሁ ነበር።

እናቴ እልል አለች።

ሦስት ጊዜ፣ ረጅም እልልታ። "ልደቱ ነው እንዴ? ውይ የኔ ጌታ! ዳቦ ጋገረችለት! እንደ እናት! እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት!" ቲያ ወደ እኔ ዞሩ። እልልታው የእኛ ለቅሶ መስሏቸው ነው፤ በአክብሮት አንገታቸውን ደፉ።

"እሱ ራሱ የታለ?" አለች እናቴ። "ጥሩልኝ። በልደቱ እንኳ አያናግረኝም?"

ስልኩን ተቀበልኩ። ሥራ ላይ ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ነገ ጠዋት የንስሐ አባቷ በሩን ያንኳኳሉ፤ እንደ ወጉ ይነገራት ነበር። ግን ለሞተ ልጇ እልል ብላ አድራ፣ ነገ ያንን እልልታ ታስታውሰዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ። በዚያ ላይ አንድ ሌሊት እንኳ ልጨምርባት አልቻልኩም።

"እማዬ" አልኳት።

"አቤት።"

"አጠገብሽ ማን አለ?"

ይህን ጥያቄ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እናቴ ፈገግታዋን ወዲያው አላጠፋችውም። ትንሽ ቆየ። ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይፈልግ ነበር። አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበችው፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ እንደ ለቅሶ ለበሰችው። እጆቿ ቸኩለው አያውቁም፤ ያኔም አልቸኮሉም።

ከዚያ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። የሚታየኝ የቤታችን ኮርኒስ ብቻ ሆነ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ፣ በየስማቸው፣ ስትጠራ ሰማሁ።