ጉሬዛው ተነሣ ወይ?

ባለፈው ሐሙስ ከካርቱም ተፈናቅላ ገዳሪፍ የገባች አንዲት መምህርት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ስልክ ወደምጠግንበት ሱቄ መጣች። አዲሱን ገጠምኩና ቀለሙ ትክክል መሆኑን ለማየት ስልኩ ውስጥ ካሉት ቪዲዮዎች አንዱን ከፈትኩ። የቻይና ፊልም ነው። ፀጉሩ የነጣ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል። ልዘጋው ስል ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። የግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለች። እጄ እዚያው ቀረ።

«ታውቀዋለህ?» አለችኝ በዐረብኛ።

«ከዐሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ» አልኳት።

ያን ዓመት ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉቀን ጋር ለሰሊጥ አጨዳ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረን ነበር። ሳምንቱን ፋሽጋ በሚባለው የእርሻ አገር ጎንበስ ብለን እናጭዳለን፤ እሑድ በሎሪ ገዳሪፍ እንገባለን። ዝናቡ አቁሞ መሬቱ መሰንጠቅ የሚጀምርበት፣ መንገዱ ሁሉ የደረቀ ሰሊጥ የሚሸትበት ወቅት ነው። ገበያ ዳር የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በልተን በቀጥታ ወደ ጋሽ ኑሩ ቪዲዮ ቤት እንሄዳለን። ጋሽ ኑሩ የጎንደር ሰው ነው። ሱዳን ብዙ ዘመን ስለኖረ በአማርኛ ይቀልዳል፣ በዐረብኛ ይቆጣል። ቤቱ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጆንያ ነበር፤ ውስጡ የላብና የተቆላ ለውዝ ሽታ አለው።

ፊልሞቹ ከካርቱም በካርቶን ይመጣሉ። ቅደም ተከተል የላቸውም። ዛሬ አባት ሆኖ ያየነው ሰውዬ በሳምንቱ ጎረምሳ ሆኖ ይመጣል። የተዋናዮቹን ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ስም የሚያወጣላቸው ተመልካቹ ነው፤ አንዱ መነኩሴው፣ አንዱ ቅንድቦ። ከጣራ ጣራ የሚዘለውንና ሁላችንም የምንወደውን ደግሞ ጉሬዛው አልነው።

እኔ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር አይሆንልኝም። ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ። ጉሬዛው በአንዱ ፊልም ገና ሲጀመር በጦር ተወግቶ ይሞታል፤ ከጆሮው በቀር ማንም አይለየውም። በሌላው እስከ መሐል ይደርሳል። በሌላው የዋናው ሰው ጓደኛ ነው። ከዚያ ዋናው ራሱ ይሆናል። መግቢያው ላይ ከፊቱ ጋር የሚወጡትን ሦስት የቻይና ምልክቶች እንደ ሥዕል ገለበጥኳቸው። አንድ ቀን እነዚያው ምልክቶች ስሞቹ ሁሉ አልፈው ብቻቸውን ሲመጡ አየሁ፤ ከሥራቸው ያለው የዐረብኛ ጽሑፍ «ኢኽራጅ» ይላል። ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከእነዚህ ጽሑፎች ነው፤ ቃሉን ግን አላውቀውም ነበር። ጋሽ ኑሩን ስጠይቀው «አዘጋጅ ማለት ነው፤ ዝለሉ እያለ የሚያዝዘው» አለኝ። ሲዘል የነበረው ሰውዬ አዛዥ ሆኗል ማለት ነው። የሰው ዕድሜ እንዲህ ሊነበብ መቻሉ ደስ አሰኘኝ።

ጋሽ ኑሩ አንድ ልማድ ነበረው። ጠላት እንደሞተ ጄኔሬተሩን ያጠፋል። «ከዚህ በኋላ የሚቃጠለው የኔ ቤንዚን ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ» ይላል። ስለዚህ ከፊልም መጨረሻ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያየ ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ ግን ከአንድ ነጋዴ ጋር እየተጨቃጨቀ ረሳው። የመጨረሻው የስም ዝርዝር መውረድ ሲጀምር ከጎኑ ሲቀረጹ የተበላሹ ቦታዎች ይታዩ ጀመር። ጉሬዛው ከቀርከሃ መወጣጫ ላይ ዘለለ፤ ገመዱን ሳተው፤ በዳሌው መሬት ላይ ወደቀ። ሰዎች እየጮኹ ሮጡ፣ በቃሬዛ አነሡት። በዚህ መሐል ጋሽ ኑሩ ትዝ አለውና ጨለመ።

«በሃይማኖቴ ሞቷል» አለ አንዱ አጫጅ ስንወጣ። «ሬሳ ሲያወጡ አላየህም?»

«አንተ ደግሞ። በሬሳ እንዲያ ይሮጣል?»

በሳምንቱ ሙሉቀን ሰሊጥ ከጫነ ሎሪ ላይ ወደቀ። የተሰበረው ዳሌው ነው።

ከሆስፒታል ወጥቶ ገዳሪፍ በተከራየናት ክፍል ተኛ። ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ አየውና «አጥንቱ ይዟል። አሁን ካልተራመደ ግን እግሩ እንደተኛ ይቀራል» አለ። ሙሉቀን አልነሣም አለ። ፈርቷል። እግሬን መሬት ሳስነካ ያ የስብራቱ ድምፅ ይሰማኛል ይላል። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ «ይሻልሃል» ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ጧት ግን እኔን ጠራኝ።

«ታክሌ፣ ያ ጉሬዛ ከዚያ በኋላ ተነሣ ወይ?»

«አላውቅም፣ አያ ሙሉ።»

«እወቅና ንገረኝ። እነሱ የሚሉትን አላምንም። አንተ ብትል አምናለሁ።»

ተነሥቷል ብትለው ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ግን ያመነኝ ስለማልዋሽ ነው፤ ብዋሽ ከፊቴ ያነበው ነበር።

ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ጉሬዛው ያለባቸውን ፊልሞች ጫፋቸውን ብቻ እንዲያሳየኝ ለመንኩት።

«ቤንዚኑስ? አባትህ ይልከዋል?»

«እስከ ፋሲካ ቤቱን እጠርግልሃለሁ።»

«ወንበሩንም ታጥባለህ። የለውዝ ልጣጭ ካየሁ አባርርሃለሁ።»

ጧት ጧት እየጠረግኩ ጫፍ ጫፉን አየሁ። መውደቅ አለ፣ መሳቅ አለ፣ ግን ቀድሞ ይሁን በኋላ የሚለይበት የለም። በመጨረሻ በአንዱ ላይ ጉሬዛው ኮፍያ አድርጎ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታየ። አዘጋጁ እሱ ነው። ከወንበሩ ተነሣ፤ በከዘራ እያነከሰ ሄዶ ለአንድ ወጣት አወዳደቅ አሳየው። ሁለቱም ሳቁ። እንደገና አስመለስኩት። በዚህ ፊልም የሚነጋገሩባቸው ስልኮች ትንንሾች ናቸው፤ በወደቀበት ፊልም ያሉት ጡብ የሚያካክሉ ነበሩ። ስለዚህ ይህ በኋላ ነው። ደብተሬ ላይ ጽፌ ሮጥኩ።

«ቆሞ ይሄዳል፣ አያ ሙሉ። ያነክሳል፣ ግን ይሄዳል።»

«በኋላ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?»

የስልኮቹን ነገር ነገርኩት። ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገፈፈ።

«አሁን አይዘልም?»

«አይዘልም። ዝለሉ ይላል።»

«ብልጥ ነው» አለና ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ «ና ያዘኝ» አለኝ። እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ እኔም ከእሱ ባልተናነሰ አልቦኛል።

መምህርቷ ስልኳን ይዛ ከሄደች በኋላ ኔትወርክ ስለነበር በፊልሙ ስም ገብቼ የሰውዬውን ሥራዎች ዝርዝር ፈለግሁ። ያን ጊዜ ያላወቅሁት ስሙ፣ ከእያንዳንዱ ፊልም ፊት ዓመቱ፣ ሁሉም በተራ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ ካስቀመጥኩት ደብተሬ ጋር ሳመሳክር አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። የከዘራው ፊልም የተሠራው ከውድቀቱ በፊት ነው። ያነክስ የነበረው በሌላ ጉዳት መሆን አለበት። በወደቀበት ፊልም ስልኮቹ ትልልቅ የሆኑት ደግሞ ታሪኩ ያለፈ ዘመን ታሪክ ስለነበር ነው። ወንድሜን ያስነሣሁት በተሳሳተ ማስረጃ ነበር።

ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋሁት። ከውድቀቱ በኋላ ሁለት ዓመት ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ማዘጋጀት ተመለሰ፤ ከዚያ ማዘጋጀትም መተወንም፤ እስከ ባቄላ ፈልፋዩ ሽማግሌ ድረስ። በእርግጥ ተነሥቷል። እንዲህ ያለ ስህተት የሠራ ሰው ሁሉ እንደኔ አይታለፍለትም።

ወዲያው ሙሉቀን ጋ ደወልኩ። ዛሬ መተማ በኩል በአንድ ትልቅ እርሻ ወኪል ነው፤ አጫጆችን ያዝዛል።

«አያ ሙሉ፣ ስለ ጉሬዛው ያኔ የነገርኩህ ስህተት ነበር።»

«ሞቶ ነበር እንዴ?»

«አልሞተም። ቅደም ተከተሉን ነው የተሳሳትኩት።»

«ሰውዬው ተነሣ አይደለም?»

«ተነሥቷል።»

«እንግዲያ ለዚህ ነው የደወልክ? በል ቆይ፣ እነዚህ ልጆች ነዶውን እያበላሹት ነው፤ ልድረስባቸው።»

ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ውስጥ ከተተው መሰለኝ። በደረቁ የሰሊጥ አገዳ ላይ ሲራመድ፣ አንዱ እግሩ ጠንከር፣ አንዱ ላላ እያለ፣ ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ ይሰማኝ ነበር።